ስድስት ፊልም፣ ሦስት ኤግዚቢሽን፣ አንድ የተሳሳተ ሰዓት

ሰኞ ዕለት ስድስት ሰዓት ቀድሜ ደረስኩ። ስድስት ደቂቃ አላልኩም፣ ስድስት ሰዓት። ማስታወቂያው በእንግሊዝኛ 5:30 ይላል፤ ጠዋት ይሁን ማታ አይልም። እኔ ደግሞ የዓመት ፈቃዴን ወስጄ ቤት የተቀመጥኩ ሰው ነኝ፣ ቀኑን ሙሉ ሥራ የለኝም፣ እናም አምስት ሰዓት ተኩል ብዬ አንብቤ ረፋዱ ላይ ከች አልኩ። በሩ ላይ ያሉት ጥበቃ ገና ሲያዩኝ ሳቁ። «ለሲኒማው ነው? ማታ አሥራ አንድ ተኩል ነው እኮ። ዛሬ አራተኛው አንተ ነህ።»

ወደ ቤት ልመለስ አልኩና የታክሲው ሰልፍ ትዝ ሲለኝ ተውኩት። ኤግዚቢሽኑ ክፍት ነው፣ ነፃ ነው፣ ቡናም አለ ሲሉኝ ገባሁ። ስለዚህ ይሄ ግምገማ የሚጀምረው ማንም ሰው በሌለበት ቤት ውስጥ ብቻውን ሲዞር የዋለ ሰው ካየው ነው።

ቦታው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ማዕከል ነው። በሰኔ አንድ ሳምንት ስድስት ፊልም አሳየ፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ ሦስት ኤግዚቢሽን ሰቅሏል። ስሙን አልጠራም። አንደኛ፣ ተከፍሎት ነው የጻፈው እንዳትሉኝ። ሁለተኛ፣ ስለ ወንበራቸውና ስለ ስፒከራቸው የምለው አለኝ፣ ሰዎቹ ግን ክፉ አይደሉም። የእንጨት በረንዳ ያለው የአዲስ አበባ የድሮ ቤት ነው፣ እሱ ይበቃል። ፊልም 200 ብር ነው፣ ስድስቱን ባንዴ ከገዛችሁ 900። እኔ ባንዴ ገዛሁ። ነጥብ ስጥ ካላችሁኝ ለፊልም መረጣው ከአሥር ዘጠኝ፣ ለኤግዚቢሽኑ ሰባት፣ ለጀበና ቡናው አሥር፣ ለወንበሩ ሁለት። ለሰዓቱ ምንም።

ምድር ቤቱ ላይ የተሰቀሉት የበር ፎቶዎች ናቸው። በር ብቻ። ሃያ ምናምን በር፣ አብዛኛው ከፒያሳ አካባቢ፣ ዶሮ ማነቂያና አካባቢው በ2016 ከመፍረሱ በፊት የተነሱ። ሰው የለበትም። መጀመሪያ ላይ «በቃ፣ ይሄው ነው?» ብዬ ነበር። በቆርቆሮ በር ፎቶ ያልተነካ የአዲስ አበባ ፎቶግራፍ አንሺ የለም። ግን ሌላ የማደርገው ስላልነበረኝ አንዱ ፊት ቆሜ ቆየሁ። ሰማያዊ በር ነው። ሰማያዊው ተላልጦ ከሥሩ አረንጓዴ ይታያል፣ ከአረንጓዴው ሥር ደግሞ ምን እንደነበረ የማይታወቅ ቡናማ ነገር። የቤት ቁጥሩ በትንሽ ቆርቆሮ ተለጥፏል፣ አንደኛው ሚስማር ወልቆ ቁጥሩ ተንጋዷል። ታች፣ ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ፣ ውሻ ይሁን ዶሮ የቧጨረው። መሃል ላይ፣ ትልቅ ቀይ ኤክስ። ቀለሙ ሳይደርቅ ወርዶ አንዱ ነጠብጣብ የቁልፉ ቀዳዳ ድረስ ደርሷል። ፎቶው ትልቅ ነው፣ የበሩን ቁመት ያክላል፣ እጅህን ዘርግተህ ልታንኳኳው ያምርሃል።

ጎኑ ላይ የተለጠፈ ጽሑፍ አለ። በእንግሊዝኛ ነው። ሁለቴ አነበብኩት። ቋንቋው አላነሰኝም፣ ቢሮ የምውለው በሱው ነው። ስለ ትዝታ፣ ስለ ከተማና ስለ መፈናቀል ብዙ ይላል፣ ረጃጅም ቃላት አሉበት፣ ስለ በሩ ግን አንድም ነገር አይልም። ማን ይኖርበት ነበር? መቼ ነው ሰማያዊ የተቀባው? እዛው ቆሜ ሳለሁ አንዲት ሴትዮ ገቡ፣ በኋላ እንደነገሩኝ እሳቸውም በሰዓቱ የተሸወዱ ናቸው፣ አምስተኛዋ ሰው መሆናቸው ነው። ዝም ብለው ሲያልፉ አንዱ በር ላይ ቀጥ አሉ። «እንዴ!» አሉ። «ይሄማ ጠላ ቤቱ ነው።» ከዛ ለኔ ይሁን ለራሳቸው ሳይታወቅ ማውራት ጀመሩ። ቅዳሜ ቅዳሜ በሩ አይዘጋም ነበር፣ ጣሳ የተሰቀለበት እንጨት በዚህ በኩል ነበር፣ ባለቤቷ በብድር የማትሰጠው ለአንድ ሰው ብቻ ነው፣ እሱም ወንድሟ ነው። እኔ ሳቅሁ፣ እሳቸው አልሳቁም። ስልካቸውን አውጥተው ፎቶውን ፎቶ አነሱና ለእህታቸው ላኩ።

ያቺን የጠላ ቤት ወሬ አንድ ሰው በሦስት መስመር አማርኛ ጽፎ ከበሩ አጠገብ ቢለጥፈው ለኤግዚቢሽኑ የሰጠሁት ሰባት ወደ ዘጠኝ ይወጣ ነበር። እውነቴን ነው።

ፎቁ ላይ ያለው ደግሞ ክር ነው። ከሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች የተገኘ ጥጥ፣ ከጣራ እስከ ወለል ተወጥሮ ክፍሉን ሙሉ ሞልቶታል። ድር ብቻ ነው፣ ማግ የለውም። መሃሉን አቋርጠህ የምታልፍበት ጠባብ መንገድ ትተዋል፣ ስታልፍ ክሩ ትከሻህን ይነካል፣ ትንፋሽህ ያወዛውዘዋል። ጥግ ላይ አንዲት መወርወሪያ መሬት ላይ ተቀምጣለች፣ ሸማኔው ለምሳ ወጥቶ የሚመለስ ይመስል። ሥራው ያማረ ነው፣ ከሦስቱ ኤግዚቢሽን የምመርጠው እሱን ነው። ግን ምን አስበው እንደሆነ እንጃ፣ ሮዝ መብራት አብርተውበታል። ነጭ ጥጥ ላይ ሮዝ መብራት! የሠርግ አዳራሽ መሰለ። ረፋዱ ላይ መብራቱ ጠፍቶ በመስኮት በሚገባው ብርሃን ሳየው ሌላ ነገር ነበር፣ እና ከሄዳችሁ ጠዋት ሂዱ።

ሦስተኛው የቪዲዮ ሥራ ነው። ሦስት የድሮ ቴሌቪዥኖች፣ እነዛ ጀርባቸው ትልቅ የሆነው፣ በአንድ ጠረጴዛ ላይ። ሁለቱ ይሠራሉ፣ ሦስተኛው ጥቁር ነው። ጥቁሩ ፊት ቆሜ ብዙ አሰብኩ። ዝምታ ነው? የጠፋ ትዝታ ነው? ጥበቃውን ጠየቅኳቸው። «ተበላሽቶ ነው» አሉኝ። እሑድም ሄጄ እንደተበላሸ ነበር። የቪዲዮ ሥራ አርቲስቱ ቴዎ እሸቱ የአክሱምን ሐውልት ከሮም መመለስ በ15 ስክሪን ሠርቶታል፣ እንደ ድሮው የንግሥተ ሳባ ሥዕል በየክፍሉ ተከፋፍሎ፣ እና አስቡት ከአሥራ አምስቱ አንዱ ቢጠፋ ታሪኩ መሃል ላይ ይበጠሳል። ከሦስት አንድ ሲጠፋማ ምን ቀረ።

የሰኞውን ፊልም ቶሎ ልለፈው። የተማሪዎች አጫጭር ፊልሞች ናቸው፣ አምስት። ሁለቱ ጥሩ፣ አንዱ በጣም ጥሩ፣ ሁለቱ ድሮን ገዝተው የደስ ደስ የሠሯቸው።

ማክሰኞ አክስቴን ይዤ ሄድኩ። የሚታየው የኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺ ዓመት» ነው። ኃይሌ ጎንደር ተወልዶ አሜሪካ የኖረ ሰው ነው፣ ዋሽንግተን ያላችሁ ሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት ያለውን ሳንኮፋ የሚባለውን የመጻሕፍት ቤቱን ታውቁታላችሁ። ፊልሙን ንጉሡ በወረዱበት የለውጥ ሰሞን መጥቶ በሁለት ሳምንት ነው ያነሳው፣ ጥቁርና ነጭ፣ ተዋናዮቹም ሙያቸው ተዋናይነት ያልሆነ ሰዎች። እ.ኤ.አ. በ1976 ወጣ። ጣሊያን ቦሎኛ ውስጥ ታድሶ ስለወጣ ምስሉ አሁን ንጹሕ ነው። ርዝመቱ ሁለት ሰዓት ተኩል። በነዛ የፕላስቲክ ወንበሮች ላይ ሁለት ሰዓት ተኩል! ትራስ ይዛችሁ ሂዱ፣ አልቀለድኩም፣ አክስቴ ጋቢዋን አጣጥፋ ተቀምጣበታለች።

አክስቴ ያደገችው አድአ ነው፣ ከጭሰኛ ቤት። ሲኒማ ቤት ከገባች ሠላሳ ዓመት ሳያልፋት አይቀርም። ፈርቼ ነበር፣ ትሰለቻለች ብዬ፣ ምክንያቱም ፊልሙ ችኮላ የለውም፣ ንጋቱን፣ እርሻውን፣ መንገዱን እስኪበቃው ያሳያል። መጀመሪያ ላይ ጎኔ ያለው ልጅ ስልኩን አወጣ። አክስቴ ግን ከዘራዋን ጨብጣ ወደ ፊት ዘንበል አለች። ሰውየው እርፍ ይዞ ሲያርስ «ይሄስ ያውቅበታል» አለች፣ ጮክ ብላ፣ ሁሉም ሰማ። በኋላ ተዋናይ አይደሉም እኮ ስላት «አውቄያለሁ፣ ተዋናይ እንዲህ አያርስም» አለችኝ። ባለመሬቱ ኮፍያውን ደፍቶ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ሲጮህ ደግሞ ጆሮዬ ላይ ተጠግታ «የኛው ዣንጥላ ነበረው» አለች። ቆየት ብላ፣ ስክሪኑን እያየች፣ «ለፋሲካ መተያያውን ሙክት ይዘን ስንሄድ በጓሮ በር ነበር የሚያስገቡን። እናቴ ነጠላዋን አደግድጋ ነበር የምትቆመው።» ይሄን ነግራኝ አታውቅም። ስንት ዓመት አብረን ስንበላ አንድም ቀን።

ልጅቷ ላሚቱን ላድን ብላ ጎርፍ የሚወስዳት ቦታ ላይ አዳራሹ ጸጥ አለ። አክስቴ ብቻ ከንፈሯን መጠጠች፣ «እመ ብርሃን» አለች።

ከዚያ ውይይት ተባለ። አወያዩ ጎበዝ ልጅ ነው፣ አንብቧል፣ ይታወቃል። ግን የሚያወያየው በእንግሊዝኛ ነው። አዳራሹ ውስጥ ካለነው ሃምሳ ምናምን ሰው ፈረንጅ የምለው ምናልባት ስድስት ቢሆን ነው። ፊልሙ አማርኛ፣ ገበሬው አማርኛ፣ ስድቡ አማርኛ፣ ሰዉ አማርኛ ተናጋሪ፣ ውይይቱ እንግሊዝኛ። ስለ አብዮታዊ ሲኒማ ተነሳ፣ ስለ ካሜራው እይታ ተነሳ። አክስቴ «ምን እያሉ ነው?» አለችኝ። ጆሮዋ ላይ እያንሾካሾክሁ ተረጎምኩላት፣ ከሰው ሁሉ «ሽ!» እስኪባል። አንዷ ተመልካች፣ ልጅቷ ላሟን ትታ ራሷን ለምን አላዳነችም፣ ይሄ ምሳሌያዊ ነው ወይ ብላ ጠየቀች። አክስቴ ይሄን ስተረጉምላት እጇን አወጣች። ከብት አስጠፍቶ ወደ ቤት መመለስ ምን እንደሆነ ልትነግራቸው ነበር የፈለገችው፣ ለኔ ነግራኛለች፣ በታክሲ ውስጥ፣ ረጅሙን። እዛ ግን ማይኩ በዚህ በኩል ዞረ፣ በዚያ በኩል ዞረ፣ አልደረሳትም። እጇን አወረደች። ስንወጣ «ፊልሙ ደግ ነው፣ ሌላ ቀን ግን አልመጣም፣ ስብሰባው አይገባኝም» አለች።

ለዚህ ነው ነጥቡን ስሰጥ ውይይቱን የዘለልኩት። ቁጥር አላገኘሁለትም።

ረቡዕ «ጤዛ» ነው፣ የዚያው የኃይሌ ገሪማ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 ቬኒስ ፊልም ፌስቲቫል ላይ የዳኞች ልዩ ሽልማትና የስክሪፕት ሽልማት ያገኘ፣ በቀጣዩ ዓመት ዋጋዱጉ ላይ ደግሞ ፌስፓኮ የሚባለውን የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫል ትልቁን ሽልማት የወሰደ። አንበርብር የሚባል ጀርመን የተማረ ሰው አንድ እግሩን አጥቶ ሐይቁ ዳር ወዳለው መንደሩ ይመለሳል። እኔ ይሄን ፊልም በዲቪዲ አይቼው ነበር፣ በትንሽ ቴሌቪዥን። በትልቅ ስክሪን ሌላ ነው፣ በተለይ የሐይቁ ንጋት። ስፒከሩ ግን የግራው እንደ ንብ ይንጫጫል። ሙዚቃው ሲመጣ፣ ጆርጋ መስፍንና ቪጃይ አይየር የሠሩት እንዴት ያለ ሙዚቃ መሰላችሁ፣ ንቧ አብራ ትዘፍናለች።

መሃል ላይ መብራት ሄደ።

ዝም ብለን ትንሽ ጠበቅን። ጄኔሬተር አላቸው፣ ናፍጣ ግን የለውም ተባለ። ሰዉ የስልኩን መብራት አበራ፣ ቡና የምታፈላዋ ልጅ ፈንዲሻውን በሰፌድ ይዛ በጨለማ ታድል ጀመር፣ ሁለት ሦስት ሰው ተስፋ ቆርጦ ወጣ። አወያዩ ተነሳና «እስኪመጣ እናውራ» አለ። ማይክ የለም። እና እንደው ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ በአማርኛ ጀመረ። ምናልባት በጨለማ ውስጥ፣ በባዶ ድምፅ፣ እንግሊዝኛ መጮህ ያሳፍራል መሰለኝ። ከኋላ አንድ ጎልማሳ ሰው ድምፁን ጠራረገ። ፊልሙ ላይ ወጣቶቹ ከአፈሳ የሚሸሸጉበት ዋሻ አለ፣ ታስታውሳላችሁ። ሰውየው እሱ የተደበቀው በጎታ ውስጥ እንደሆነ ተናገረ። ሦስት ቀን። አያቱ ከላይ ገብስ ሞጅረውበት። የምትተነፍሰው እንዴት ነው ብሎ አንዱ ጠየቀው። «በሸንበቆ» አለ፣ «ግን ሸንበቆውን አልፈልገውም ነበር፣ ለድፍረት ነው የያዝኩት፣ ችግሩ ትንፋሽ ሳይሆን ማሳከኩ ነው። ገብስ ታውቃለህ? ሦስት ቀን ገብስ ውስጥ ተቀምጠህ አለማከክ ታውቃለህ?» ሰዉ በሳቅ ፈረሰ፣ ሰውየውም ሳቀ፣ ከዛ የተያዘውን የጎረቤታቸውን ልጅ አነሳና ሳቁ ቆመ። ሌላም ሰው ተናገረ፣ አንዲት ወጣት ልጅ አባቷ ይሄን ፊልም መጨረስ አቅቶት ሦስት ጊዜ እንዳቋረጠው አወራች። ሃያ አምስት ደቂቃ ያህል ነው። ከሳምንቱ ሁሉ ጥሩው ሰዓት እሱ ነበር። አክስቴ አልነበረችም፣ እሱ ነው የቆጨኝ።

መብራቱ መጣ፣ ተጨበጨበ፣ ፊልሙ ቀጠለ። ሲያልቅ ማይኩ ተመለሰ። እንግሊዝኛውም።

ሐሙስ ዝግ ናቸው። እኔም አረፍኩ ማለት ነው፣ ግን ነገሩ አልለቀቀኝም፣ ስድስት ኪሎ የሚገኘው የገብረ ክርስቶስ ደስታ ማዕከል በአእምሮዬ መጣ። ገብረ ክርስቶስ ኮሎኝ ተምሮ መጥቶ አብስትራክት ሥዕል ሲያሳይ ያልገባው ሰው ብዙ ነበር፣ ግን ያው ሰውዬ ግጥሙን በአማርኛ ነው የጻፈው፣ እስከ ዛሬ የሚነበብ ግጥም። በስደት አሜሪካ ሞተ፣ እ.ኤ.አ. በ1981። ጀርመን የቀሩ ሥዕሎቹ አገራቸው የገቡት እ.ኤ.አ. በ2008 ማዕከሉ በስሙ ሲከፈት ነው። ማለት የፈለግኩት ዘመናዊነትና አማርኛ ተጣልተው አያውቁም። መካኒሳ ያለውን ዞማ ሙዚየምን ደግሞ አስቡት። መስከረም አሰግድና ኤልያስ ስሜ በጭቃና በጭድ ነው የሠሩት፣ የአባቶቻችንን የጭቃ ቤት ጥበብ ይዘው፣ ዓለም የሚያወራለት ቦታ ሆነ። ኤልያስ ከመርካቶ የሰበሰበውን የኮምፒውተር ሽቦና ሰርኪት እየሰፋ ነው የሚሠራው። እዛ ስትገባ ጭቃው ራሱ ያናግርሃል፣ ግድግዳውን ስታይ እናትህ የመረገችው ቤት ትዝ ይልሃል። እዚህ ግን ለአንዲት የአማርኛ ወረቀት ተቸገርን።

ዓርብ «ድፍረት»። ጠለፋን የሚመለከተው፣ በጠበቃ መዓዛ አሸናፊ በተያዘ እውነተኛ ጉዳይ ላይ የተመሠረተው፣ እ.ኤ.አ. በ2014 አሜሪካ ሰንዳንስ ፊልም ፌስቲቫል ላይ የተመልካች ሽልማት ያገኘው። በዚያው ዓመት አዲስ አበባ ውስጥ ሊመረቅ ሰው ተቀምጦ ሳለ በፍርድ ቤት እግድ መቆሙን ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ፊልሙ ትንሽ ያስተምራል፣ ጠበቃዋ ስትናገር መግለጫ የምትሰጥ የሚመስልበት ቦታ አለ። ግን ሽማግሌዎቹ ዛፍ ሥር ተቀምጠው የሚመክሩበት ትዕይንት እንዴት ልክ ነው። ማንም አይጮህም። አንዱ ሲናገር ሌላው መሬት ያያል። ክፉ ነገር በረጋ ድምፅ ሲወሰን ታያለህ። አዳራሹ ሞልቶ ነበር፣ ቆሜ ነው ያየሁት፣ ወንበሩን ሳስብ ቅር አላለኝም።

ቅዳሜ የእህቴን ልጅ ይዤ መጣሁ፣ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» ነው የሚታየው፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ካን ፊልም ፌስቲቫል ላይ በይፋ ምርጫ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም። እናቱ የሞተችበት ኤፍሬም የሚባል ልጅና ቹኒ የምትባል በግ። አጎቱ በጓን ለበዓል ሊያርዳት ይፈልጋል፣ ልጁ ደግሞ ምግብ መሥራት ይችላል፣ ሳምቡሳ እየጠበሰ ገንዘብ ሊያጠራቅም ይሞክራል። የእህቴ ልጅ ከመጀመሪያ አሥር ደቂቃ ጀምሮ እጄን ይዞ «አጎቴ፣ ያርዷታል?» ይለኝ ነበር። «ዝም ብለህ እይ» እላለሁ። «አንተ አይተኸዋል አይደል? ንገረኝ፣ ያርዷታል?» አልነገርኩትም፣ ለናንተም አልነግርም። ሲያልቅ በረንዳው ላይ ቆሞ ብዙ ዝም አለ፣ ከዛ «ዘንድሮ ለእንቁጣጣሽ ዶሮ ብቻ ይበቃናል» አለ። ለእህቴ ይሄን ስነግራት እኔን ነው የተቆጣችው።

ለልጆች ይሆናል ወይ ለምትሉ፣ ፊልሙ ይሆናል። ግቢውም ይሆናል፣ ልጁ ፎቅ ወጥቶ ክሮቹ መሃል ሲሯሯጥ ማንም አልተቆጣውም፣ ጥበቃው ብቻ «ቀስ፣ ድሩን እንዳትበጥሰው፣ የሰው ልፋት ነው» አሉት። ሽንት ቤቱ ንጹሕ ነው፣ ውኃ ግን በባልዲ ነው።

እሑድ የመጨረሻው «ፋያ ዳዪ» ነበር። ሐረር ያደገችው ጄሲካ በሽር አሥር ዓመት ገደማ እየተመላለሰች የሠራችው ስለ ጫት ነው፣ ወይም ስለ ጫት ይመስላል፣ ጥቁርና ነጭ፣ ጭስ፣ ቅጠል፣ ከአገር ሊወጡ የሚያስቡ ልጆች። እውነቱን ልናገር፣ መሃል ላይ እንቅልፍ ወሰደኝ። ስነቃ ያው ጭስ ነው፣ እና የሚገርመው ምንም ያመለጠኝ አልመሰለኝም፣ እንደውም ሕልሜና ፊልሙ ተደባልቀው የቱ የቱ እንደሆነ አላውቅም። ይሄ ስድብ አይደለም። ምርቃናው ራሱ ነው ፊልሙ። አንዳንዱ ሰው ተነስቶ ወጣ፣ እኔ ግን የሳምንቱ ሁለተኛ ምርጤ ነው እላለሁ፣ ከ«ምርት ሦስት ሺ ዓመት» ቀጥሎ።

ንግግሩ ኦሮምኛ፣ ሐረሪና አማርኛ ነው። ከሥር የሚጻፈው ትርጉም እንግሊዝኛ ብቻ። ከፊት ለፊቴ የተቀመጡ ሁለት ወጣቶች ኦሮምኛ ይችላሉ መሰለኝ፣ ሌላው ሰው ገና ጽሑፉን እያነበበ ሳለ እነሱ ይስቃሉ። በዚያ አዳራሽ ከሌላው ሰው ቀድመው የሳቁት እነሱ ሆኑ፣ ደስ አለኝ። ቀናሁም።

ስወጣ የአስተያየት መዝገቡ ላይ ስለ ወንበሩ፣ ስለ ስፒከሩ፣ ስለ ሮዙ መብራት፣ ስለ ሦስተኛው ቴሌቪዥንና ከሁሉ በላይ ስለ ጽሑፉና ስለ ማይኩ ጻፍኩ። አንድ ገጽ ሞላሁ፣ በአማርኛ። ከኔ በፊት ያሉትን ገለጥ ገለጥ ሳደርግ ብዙው «በጣም ደስ ይላል» እና የልብ ሥዕል ነው።

ማክሰኞ ተመልሼ ሄድኩ፣ ዣንጥላዬን ረስቼ ስለነበር። ዝናቡ ጀምሯል። በሩ ላይ የሚቀጥለው ወር ፕሮግራም ተለጥፏል፣ ያው በእንግሊዝኛ፣ ያው 5:30። ከጎኑ ግን በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ በደማቁ፣ ሁለቴ ተደጋግሞ ተጽፏል፦ ማታ 11:30። ጥበቃው ዣንጥላዬን አምጥተው ሰጡኝ። እስክሪብቶው ደረት ኪሳቸው ውስጥ ነው።